እትዬ ጫልቱና የሦስተኛው መጋዘን ኬብል

እትዬ ጫልቱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ መገናኛ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ነው። ወደ አያት ልሄድ ትኬቴን ይዤ ስወጣ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ከላይ ስትወርድ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ልጃቸው ሌንሳ ነበረች። ካየኋት ስድስት ዓመት ቢያልፍም አረማመዷ ቁርጥ የእናቷ ነው፤ ደረጃ ስትወርድ እንኳ መሬቱን እየፈተሸች የምትረግጥ ትመስላለች።

«ሰብለ፣ አልሰማሽም አይደል?» አለችኝ።

ልብሷን ሳይ ገባኝ። ሕዝቡ በግራና በቀኝ እየገፋን ሲያልፍ እዚያው ደረጃው ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ባቡሩ መጣ፣ ሄደ። ሌንሳ ስልክ ቁጥሬ ጠፍቶባት እንዳላረዳችኝ ነግራ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ። ከመገናኛ ጉራራ በታክሲ ምን ያህል ነው? ስድስት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ቅዳሜ» እያልኩ ነው የቀረሁት። ወደ አያት መሄዴን ትቼ ከእሷ ጋር ወደ ልቅሶው ቤት ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ በሐሳቤ ከእትዬ ጫልቱ ጋር የሠራንበትን ግቢ ነበር የማየው።

ግቢው ዛሬ የለም፤ ፎቅ ተሠርቶበታል። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከኮተቤ መንገድ ገባ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ ተራራ ግርጌ የተጠጋ ትልቅ የመድኃኒት ማከማቻ ነበር። ሦስት መጋዘንና አንድ ቢሮ አለው። ከየክፍለ ሀገሩ የጭነት መኪና እየመጣ መድኃኒት ጭኖ ይሄዳል። እኔ ዲፕሎማዬን በያዝኩ በዓመቱ «የኮምፒውተር ቴክኒሺያን» ተብዬ፣ በስድስት ወር ሙከራ እዚያ ተቀጠርኩ።

ዛሬ በየጠረጴዛው ኮምፒውተር አለ። በዚያን ጊዜ ለግቢው ሁሉ አንድ ብቻ ነበር። የራሱ ክፍል ተሰጥቶት፣ ሥራ አስኪያጁ ያላገኙትን የአየር ማቀዝቀዣ እሱ አግኝቶ ይቀመጣል። መጋዘኖቹና ሒሳብ ክፍሉ ያላቸው ተርሚናል የሚባል ዕቃ ነው፤ ስክሪንና ኪቦርድ አለው እንጂ በራሱ ምንም አያስብም። የተጻፈው ፊደል በኬብል ሄዶ ኮምፒውተሩ ጋ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው ኬብል ይመለሳል። ኬብሉ ከተበላሸ ተርሚናሉ ጥቁር መስታወት ሆኖ ይቀራል።

ኬብሎቹን የሚሠሩት እትዬ ጫልቱ ነበሩ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ ከግቢው ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ወዳለ አሮጌ ኮንቴነር ጠቆሙኝ። ገብቼ ሳይ አጠር ያሉ፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሴት፣ ሰማያዊ ጋውን ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ በክር ያንጠለጠሉትን መነጽር አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ከመበየጃ ካውያቸው ቀጭን ጭስ ይወጣል።

«አዲሷ ቴክኒሺያን አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጫልቱ እባላለሁ። ካውያ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ትምህርት ቤት አንድ ሁለቴ ይዣለሁ።»

«እንግዲያው አልያዝሽም። ነይ ተቀመጪ።»

ያን ዕለት አንድ ኬብል እንድሠራ ሰጡኝ። በሁለቱም ጫፍ፣ ፒን የሚባሉ ሃያ አምስት ቀጫጭን መርፌዎች ያሉት ኮኔክተር፣ ማለትም መሰኪያ፣ ይገጠምበታል። ሁለተኛው ፒን ማሽኑ የሚናገርበት፣ ሦስተኛው የሚሰማበት፣ ሰባተኛው የጋራቸው መሬት መሆኑን ተምሬያለሁ። በኩራት ሁለትን ከሁለት፣ ሦስትን ከሦስት አገናኝቼ አቀረብኩ። እትዬ ጫልቱ አገላብጠው አዩት። እንድሰካው ብቻ ነገሩኝ። ሰካሁት፤ ተርሚናሉ ጭጭ አለ።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ኮምፒውተሩም በሁለተኛው ይናገራል፣ ተርሚናሉም በሁለተኛው ይናገራል። አንቺ አፍና አፍ፣ ጆሮና ጆሮ ነው የገጠምሽው። ማን ማንን ይስማ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ፈትቼ ሁለትን ወደ ሦስት፣ ሦስትን ወደ ሁለት አዙሬ ስበይድ፣ ስክሪኑ ላይ ስም አስገባ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአረንጓዴ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ትላልቅ ማሽኖች ጋ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን በደስታ የጮህኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ሥራቸው ላይ ግትር ነበሩ። የበየዱትን በፍጹም አይነፉበትም፤ እኔ እፍ ለማለት ከንፈሬን ሳሾል በእጃቸው አፌን ይከድኑታል። «የቀለጠው ሊድ ራሱ ይቀዝቅዝ። እፍ ያልሽበት ላዩ ይይዛል እንጂ ውስጡ አይይዝም» ይላሉ። እያንዳንዱን ሽቦ በጥፍራቸው ቀስ ብለው ይስቡታል። ኬብሉ ላይ የሚለጥፉት ወረቀት ደግሞ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የሚሠራበትን ሰው ስም ይጽፉበታል። «ሦስተኛ መጋዘን፣ አቶ በላይ።» አቶ ግርማ ቁጥሩ እንደሚበቃ ቢነግሯቸው፣ «ሲበላሽ የሚቸገረውን ሰው ማወቅ አለብኝ» አሏቸው።

እንዲህ ያለውን ሙያ ያገኙት በወጣትነታቸው በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የስልክ መስመር ሲዘረጉና ሲቀጥሉ ነው። ስለዚያ ዘመን ግን ከዚህ የዘለለ አያወሩም ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያስጠነቅቁኝ አንድ ነገር ነበር። «የእኛ ኬብል ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አይሄድም። ሩቅም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን ለብቻው ይቆፈርለታል።» ይህን ቢያንስ አሥር ጊዜ ነግረውኛል።

ነገሩ የደረሰው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ አቁሞ ወባ የተነሣበት ወቅት ስለነበር ለቆላው የሚሄደው መድኃኒት ይጣደፋል። እትዬ ጫልቱ ወንድማቸው ሞቶ ወለጋ ለልቅሶ ሄደዋል። በሄዱ በማግስቱ የሦስተኛው መጋዘን ተርሚናል ፊደል መዝለል ጀመረ፤ ኬብሉን አይጥ በልቶት ነበር። አቶ ግርማ ጠሩኝና፣ «ዲፕሎማ ያለሽ አንቺ አይደለሽ? ዛሬውኑ ይስተካከል» አሉኝ።

አዲስ ኬብል ሠራሁ። ብየዳዬ እንከን አይወጣለትም ነበር። የሚዘረጋበት ቦይ ግን በጎርፍ ተደርምሷል፤ ሰማንያ ሜትር ያህል እንደገና መቆፈር አለበት። ከጎኑ የመብራቱ ቱቦ አለ፤ ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው። ግራ ቀኝ አየሁ። ከዚያ ኬብሌን በመብራቱ ቱቦ ሳብኩት። መሐል ላይ ያዘኝ። በኃይል ስጎትተው ለቀቀ። ሽፋኑ ውስጥ ለውስጥ መላጡን አላየሁም።

ኮምፒውተሩ ክፍል ገብቼ ስሰካው ጷ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የመብራቱ ኃይል በኔ ኬብል ገብቶ ተርሚናሎቹ ሁሉ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኙበትን ካርድ አቃጠለው። በግቢው ያሉት ስክሪኖች በአንድ ጊዜ ጠፉ።

ያደረግሁትን ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ሰው ሳይመጣ ኬብሉን መዝዤ አወጣሁትና በባዶ ካርቶኖች ሥር ደበቅኩት። አሮጌውን መልሼ ሰካሁ። አቶ ግርማ እየሮጡ ሲመጡ፣ «እኔም አላወቅኩም፣ በድንገት ነው የጠፋው» አልኳቸው።

በማግስቱ ማሽኑን ከሸጠልን ድርጅት ባለሙያ መጣ። በሻንጣው የያዘውን ትንሽ ስክሪን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለች፣ ማንም በማይነካት መሰኪያ ሰክቶ መረመረና፣ «ማሽኑ ደህና ነው። ካርዱ ግን በሦስተኛው መጋዘን መስመር በገባ ኤሌክትሪክ ተቃጥሏል። ሌላ ከውጭ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ይፈጃል» አለ።

«የሦስተኛው መጋዘን መስመር?» አሉ አቶ ግርማ። «የጫልቱ ሥራ ነዋ! ድሮም በስልክ ሽቦ ልምድ ኮምፒውተር አይነካም ብዬ ነበር።»

ከአጠገባቸው ቆሜያለሁ። እውነቱን አልተናገርኩም። እናቴና ሦስት እህቶቼ በኔ ደመወዝ ነበር የሚኖሩት። ያ ለዝምታዬ ሰበብ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ነገር አልታየኝም። ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ የእትዬ ጫልቱን የስንብት ደብዳቤ ስትተይብ ሰማሁ።

የግቢው ሥራ ቆመ። ከዓመት በፊት ስርቆት ስለነበር ከኮምፒውተሩ የወጣ ወረቀት ያልያዘ ካርቶን ከበር አይወጣም፤ የትኛው ካርቶን የት እንዳለም የሚያውቀው እሱ ነው። ከጋምቤላ የመጣ ኦሞድ የሚባል ሾፌር ለሦስት ቀን መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ቢሮ በገባሁ ቁጥር «እህቴ፣ ዛሬስ?» ይለኛል። «እኛ ጋ ሕፃናቱ በወባ ተኝተዋል» አለኝ አንድ ጊዜ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ጫልቱ በአራተኛው ቀን ጥዋት ጥቁር ለብሰው ተመለሱ። አቶ ግርማ «ነፍስ ይማር» ካሉ በኋላ ደብዳቤውን ሰጧቸው። አንብበው አጠፉትና፣ «መስመሩን አይቼ ልምጣ» ብቻ አሉ። በመስኮት አየኋቸው። በቦዩ ዳር ሄዱ፤ የመብራቱ ቱቦ አፍ ላይ ሲደርሱ ተንበረከኩ። በፒንሳ ከውስጥ ጣት የምታክል ግራጫ የኬብል ሽፋን አወጡ። በጋውናቸው ኪስ ከተቷት።

ቀጥታ ወደኔ መጡና በሩን ዘጉ።

«ያኛው ኬብል የት አለ?»

ማልቀስ ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ለአቶ ግርማ ይነግሯቸዋል?» አልኳቸው።

«እኔ አልነግርም። አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው።»

«ያባርሩኛል፣ እትዬ።»

«ሊያባርሩሽ ይችላሉ። አያባርሩሽም ብዬ አልዋሽሽም። ስትገቢ ግን አብሬሽ እገባለሁ።» ዕንባዬን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። «እሱ ለነገ ይቆይ። መጀመሪያ ያ ሰውዬ ይጫንለት። ባለሙያው ሲመጣ ምን አደረገ? አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ስለ ትንሿ ስክሪንና ከማሽኑ ጀርባ ስላለችው መሰኪያ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። «ታዲያ ይህ ማሽን አንድ አፍ ቀርቶለታል እኮ!»

መሰኪያዋ የኛ ዓይነት አልነበረችም፤ ዘጠኝ ፒን ነው ያላት፣ ሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍም የለም። ማሽኑ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጠን ኤሌክትሪክ በሚለካ ቴስተር ፒኖቹን አንድ በአንድ ፈተሽናቸው። «የሚናገረው ፒን ዝም ሲልም ቮልቴጅ አለው፤ እሱን ፈልጊ» ይሉኛል። የቴስተሩ መርፌ ባልጠበቅነው ፒን ላይ ዘለለ። ለዚያ መሰኪያ የሚሆን ኮኔክተር ከአሮጌ ማተሚያ ላይ ነቀልን። እሳቸው ይዘው እኔ በየድኩ። የመጀመሪያው አልሠራም። ሁለተኛውም አልሠራም። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ «ማሽኑ ከወዲያ ጫፍ ሰው መኖሩን ካላረጋገጠ አይናገርም ማለት ነው። የሚጠይቅበትን ሽቦ መልሰን ለራሱ እናዙርለት፤ አለሁ ብሎ ራሱ ይመልስ» አሉ። አዞርነው። የአቶ በላይን ተርሚናል ከመጋዘን ተሸክመን አምጥተን ሰካን። ስክሪኑ ለቅጽበት ጠቆረ፤ ከዚያ አረንጓዴው ጽሑፍ መጣ።

አቶ በላይ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው፤ ወፍራም ሰው ናቸው። ያን ከሰዓት ከማሽኑ ክፍል ወደ ሦስተኛው መጋዘን ወረቀት እየያዙ ሲሮጡ የግቢው ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው። ኦሞድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጭኖ ወጣ። በመስኮቱ እጁን አውጥቶ የእትዬ ጫልቱን እጅ ጨበጠ፤ የኔንም ጨበጠ። እጄን ላስለቅቀው ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ ጥዋት አቶ ግርማ ቢሮ ገባሁ። እትዬ ጫልቱ እንዳሉት አብረውኝ ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ከቱቦው ጀምሬ እስከ ካርቶኖቹ ድረስ ሁሉንም ተናገርኩ። አቶ ግርማ ጠረጴዛውን መቱት።

«ሾፌሩ በር ላይ ሲያድር አንቺ ዝም ብለሽ ታዪው ነበር?»

«አዎ።»

«ይቺ ሴትዮ ስትባረርስ?»

«አዎ።»

ወደ እትዬ ጫልቱ ዞሩ። «እርስዎ መቼ አወቁ?»

«ትናንት ጥዋት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎ ሳይጠይቁኝ ነው ደብዳቤ የጻፉልኝ። ቢጠይቁኝም ከሷ ይስሙት እል ነበር» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

አልተባረርኩም፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ የሙከራ ጊዜዬ በስድስት ወር ተራዘመ። የእትዬ ጫልቱ ደብዳቤ ተቀደደ። አቶ ግርማ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው የሚወጣ ሰው አልነበሩም፤ ከሳምንት በኋላ ግን ወደ ኮንቴነሩ መጥተው፣ የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀምጠው፣ እትዬ ጫልቱን ስለ ሟቹ ወንድማቸው ጠየቋቸው። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አብረን ሠራን። ስለ ኬብሉ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ኋላ በየጠረጴዛው ኮምፒውተር ሲመጣ ተርሚናሎቹ በሐራጅ ተሸጡ፣ ኮንቴነሩም ተነሣ። እኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ እሳቸው ጉራራ ቤታቸው በረንዳ ላይ ራዲዮ መጠገን ጀመሩ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በአጥሩ ሥር ሲያልፉ እሳቸው በድምፃቸው እየለዩ በስም ሰላም ይሏቸዋል። ያን ዕለት ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያኔ ለምን ራስዎ አልነገሩብኝም? ወይ ደግሞ ለምን አልሸፈኑልኝም?»

ወደ ተራራው ዞሩ።

«በደርግ ጊዜ ስልክ ስሠራ በቀለ የሚባል ባልደረባ ነበረኝ። አንድ ቀን የቀጠልኩት መስመር ጠፋ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቸኩዬ ነው የቀጠልኩት። ካድሬዎቹ አሻጥር ነው አሉ። ተረኛው እሱ ስለነበር እሱን ወሰዱት። ሌንሳ ጡት ላይ ነበረች፤ ዝም አልኩ። አሥራ ስምንት ወር ታሰረ። ሲወጣ አንድ እግሩ ያነክሳል፤ ኋላ እሱም እንደኔ አዲስ አበባ ገባ።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን ቤቱ ሄጄ የኔ ጥፋት እንደነበር ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አውቅ ነበር› አለኝ። ቅጥሉን አይቶት ነበር። ልጅ ስላለኝ ነው ዝም ያለው።» መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ። «ደግ ሰው ነው። ግን ልጄ፣ እሱ ዝም ስላለልኝ እኔ አልዳንኩም። እስክነግረው ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ስጸልይ ቃል ይጠፋኝ ነበር። አንቺን ያን ቀን ብሸፍንሽ ያንን ነበር የማወርስሽ።»

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው ከሌንሳ ጋር ጉራራ የደረስነው። ልቅሶተኛው ተመናምኖ ነበር፤ ጥቂት የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ጸልየው ሲወጡ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ለመሆኑ ከእማዬ ጋር ይህን ያህል የተቀራረባችሁት በምንድን ነው?» አለችኝ።

«ስለተቃጠለው ኬብል አልነገሩሽም?»

«ኬብል ተቃጥሎ ከሥራ ልባረር ነበር ብላናለች። ማን እንዳቃጠለው ግን ትንፍሽ አላለችም።»

ነገርኳት፤ ከቱቦው ጀምሬ፣ ካርቶኖቹንም ሳልተው። ሌንሳ ሰምታ ስትጨርስ ቅንድቧን ሰብስባ ቀን የምትቆጥር መሰለች።

«ይህ የሆነው ከአጎቴ ልቅሶ በተመለሰች ሳምንት ነው?»

«አዎ። ሐሙስ ቀን ነው ቢሮ የገባነው።»

«እንዲያ ከሆነ ቢሮ በገባችሁ በሁለተኛው ቀን ነው ማለት ነው። ቅዳሜ ጥዋት እኔን አስከትላ ላምበረት ሄደች፤ አቶ በቀለ ቤት። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሰውዬውን አላውቃቸውም። በራቸው ላይ ስትደርስ ቆመች። ዞራ ልትመለስ ነበር።»

«ቅዳሜ?» አልኳት። እኔ እኮ እትዬ ጫልቱ ጥፋታቸውን ለአቶ በቀለ የነገሩት እኔን ከማወቃቸው ብዙ ዓመት በፊት ይመስለኝ ነበር።

«እማዬ፣ ማንን ፈርተሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ‹በዚህ ሳምንት አንዲት ልጅ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ አለቃዋ ፊት ቆማ ጥፋቷን ስትናገር አይቻለሁ። እኔ እናቷ የምሆን ሴት ከበር አልመለስም› አለችኝና አንኳኳች።» ሌንሳ እጄን ያዘችኝ። «ልጅቷ ማን እንደሆነች ደጋግሜ ብጠይቃት አልነገረችኝም። አንቺ ነበርሽ?»

እኔም እጇን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።